የገንቦ ተክል ቤት ከመግባቱ በፊት፦ የቱ ይሸታል፣ የቱ አይሸትም?

ባለፈው ዓመት የአረፋ ሰሞን ሳሎናችን ሸተተ። መጀመሪያ የሞተ አይጥ መሰለን። ሶፋው ተነሳ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ፍሪጁ ከግድግዳው ተሳበ። አይጥ የለም። ባለቤቴ የሽንት ቤቱን ቱቦ ጠረጠረች፤ እኔ የጎረቤትን ድመት። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ጋ የተንጠለጠለችውን ኔፔንቴስ (ገንቦ የመሰለ ቅጠል አውጥታ ነፍሳት የምትበላ ተክል ናት) ውሃ ላጠጣ ስጠጋ ነገሩ ገባኝ። ከገንቦዎቿ አንዷን ዘንበል አድርጌ በስልኬ መብራት አየሁ። ግራጫ ፈሳሽ፣ ከላዩ አረፋ (የበዓሉ ሳይሆን የሳሙናው ዓይነት)፣ መሃሉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ሥጋ።

የባለቤቴ ወንድም ነው የከተታት። ስንጠይቀው አልካደም። "ሥጋ በል ናት አላላችሁም እንዴ? በበዓል ለሁሉም ይድረስ ብዬ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ተክል መግዛት የሚያስቡ የድሬና የሐረር ወዳጆች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "አቦ፣ ይሸታል እንዴ?" መልሱ እንደ ተክሉ ይለያያል። ቅጠላቸውን ገንቦ ወይም ቱቦ አስመስለው ነፍሳት የሚይዙት ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይደሉም። ከተለያየ አህጉር የመጡ፣ አብዛኞቹም ዝምድና የሌላቸው ናቸው። አበላላቸውም ጠረናቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መመዘኛውን እንያዝ።

ሽታው በየት በኩል ይመጣል?

ጤነኛ ቅጠል አይሸትም። ሽታው የሚመጣው በሦስት በር ነው።

ዋናው ያልተፈጨ ምግብ ነው። ገንቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ኢንዛይም አለው። ኔፔንቴስ ላይ አሲድነቱ አንዳንዴ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይወዳደራል። ጉንዳን ሲወድቅ ቀስ ብሎ ይፈጨዋል፣ አፍንጫችሁም አያውቀውም። ትልቅ በረሮ ወይም እንሽላሊት ሲገባ ግን ተክሉ ፈጭቶ ሳይጨርስ ባክቴሪያው ይቀድመዋል። ያኔ መፈጨቱ ቀርቶ መበስበስ ይሆናል። ሥጋ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከሁሉም የባሱ ናቸው። ስንት ዝንብ በአንድ ጊዜ ይገባል የሚለውም ወሳኝ ነው። አንድ ተክል በቀን ሁለት ጉንዳን ሲይዝ ሌላው ግማሽ ክንድ በሚሆን ቱቦ ሙሉ ዝንብ ያጭቃል።

ሁለተኛው በር አበባው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ነፍሳት ከሚበላው ቅጠል ይልቅ አበባው የሚሸት ዝርያ አለ። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ከሥር ነው። አንዳንዶቹ ተክሎች ውሃ በሞላ ሰሐን ላይ መቀመጥ ይፈልጋሉ። ውሃው ሲቆይ፣ አፈሩ አየር ሲያጣ፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል። ሰው ይህን ሲሸተው ገንቦውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የሰሐኑ ነው።

ውሃው፣ ትንኙ፣ ሙቀቱ

የድሬን ውሃ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ክዳን አንሱና ውስጡን እዩት፣ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው። በጣሊያን ጊዜ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረርም አታመልጥም። ሀሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃዋ በድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ ይገፋላታል። እነዚህ ተክሎች ደግሞ በአብዛኛው የመጡት ማዕድን ካነሰበት አፈር ነው። ኖራ ያለበት ውሃ ሥራቸውን ይገድለዋል። ሥሩ የታመመ ተክል ደግሞ የያዘውን በደንብ አይፈጭም፣ ቅጠሉም ይበሰብሳል። ሽታው ከዚያ ይከተላል።

የሚመከረው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በሚለካ መሣሪያ) ሲለካ ከ50 ፒፒኤም በታች የሆነ ነው። እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ ናት። ይህን የሚያሟላው የዝናብ ውሃ ነው፤ ቆርቆሮውን ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካጠበ በኋላ የሚወርደውን በጀሪካን ያዙ። በሐምሌና ነሐሴ ካጠራቀማችሁ ለአንድ ተክል ብዙ ያስኬዳል። ሁለተኛው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። ስትገዙ "የባትሪ ውሃ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ አሲዱንም በዚሁ ስም የሚጠራ አለ። ሦስተኛው ከኤሲ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። እኔ የጎረቤቴን ኤሲ ሥር ባልዲ አስቀምጬ በመለኪያዬ ካየሁት በኋላ እሱን ነው የምጠቀመው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ብዙውን ጊዜ ማዕድን አለው፣ መፍትሔ አይደለም። ማፍላትም ነገሩን አያጸዳውም።

አሸዋም ከቀላቀላችሁ መጀመሪያ ፈትኑት። እኔ ከደቻቱ ወንዝ አንድ ጭብጥ አምጥቼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ቡልቅ ቡልቅ አለ። የሚፈላ አሸዋ ኖራ አለው ማለት ነው፣ መልሱት። የሚያስፈልገው ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የሽበት አፈር) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ነው። ፍግና ማዳበሪያ ፈጽሞ።

ትንኙን በተመለከተ አልቀልድም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት ወረርሽኞች ያየች ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚራባው በየቤቱ በተቀመጠ ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው። ወባ የሚያስተላልፈውና በቅርብ ዓመታት ከተማችን የገባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይም እንደዚሁ በርሜልና ማጠራቀሚያ ይወዳል። እንግዲህ በአበባ ሥር ያለ ሰሐን ለሱ ጥሩ ቤት ነው። እንቁላል ክንፍ እስኪያወጣ በሙቀት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ሰሐን የሚፈልግ ተክል ከገዛችሁ በየሦስት ቀኑ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ሰሐኑን በጨርቅ ፈትጋችሁ አዲስ ትጨምራላችሁ። ይህን አላደርግም የሚል ሰው ሰሐን የማይፈልገውን ይምረጥ። ለሽታውም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ሙቀቱ ቀላል ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ገደማ ናት። የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ለተክል ሌላ አገር ነው። ድሬ ውስጥ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ መበስበስ ይፈጥናል፤ ሐረር ሁለት ቀን የሚቆየው ነገር ድሬ ከቁርስ እስከ በርጫ ይሸታል።

ኔፔንቴስ፦ የምትንጠለጠለዋ

ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣች ሐረግ ናት። ከቅጠሏ ጫፍ ቀጭን ጅማት ይወርድና ጫፉ ላይ ክዳን ያላት ገንቦ ትሠራለች። ብዙ ዝርያ አላት። ለእኛ የሚሆነው ድቅሉ ነው፤ በተለይ ቬንትራታ የምትባለው፣ ወላጆቿ ከፊሊፒንስ የሆኑ። ሙቀት ትችላለች፣ የክረምት እንቅልፍ አትጠይቅም፣ ሰሐንም አትፈልግም። እንዲያውም ሥሯ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። ከላይ አጠጥቶ ማንጠፍጠፍ ነው።

ሽታዋ? በራሷ የምትይዘው በአብዛኛው ጉንዳንና ትንንሽ ዝንብ ስለሆነ ሽታዋ የለም በሚባል ደረጃ ነው። ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ይነሳል። አንደኛው የባለቤቴ ወንድም። ሁለተኛው ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመጣ ገንቦዎቹ ይደፋሉ፣ ፈሳሹ ይወጣል፣ የተያዘው ነገር በደረቁ ይበሰብሳል። ስትደርስ እያንዳንዱን ገንቦ አዩ፤ ባዶ ከሆነ የተጣራ ውሃ እስከ ሲሶው ጨምሩበት። ሦስተኛው በረሮ ነው። በማታ መብራት አጠገብ ከተንጠለጠለች ትልልቁ ሁሉ ይገባባታል። እኔ አሁን ከመብራት ራቅ አድርጌ በረንዳ ላይ ሰቅያታለሁ።

አበባ ካወጣች ወንዱም ሴቷም ለየብቻ ናቸው። አበባው ሲከፈት፣ የወንዱ በተለይ፣ እርጥብ ቤት ውስጥ እንደቆየ ልብስ የሻጋታ ዓይነት ጠረን አለው። ካልተመቻችሁ ግንዱን ቁረጡት፣ ተክሏ አትጎዳም።

እንከኗ የድሬ ደረቅ አየር ነው። በበጋ ነፋስ ገንቦ መሥራት ታቆምና ቅጠል ብቻ ትሆናለች። ያኔ በእርግጥ ሽታ የለም፤ ግን ገንቦም የለም። ልብስ የሚታጠብበት ጥግ፣ ጠዋት ብቻ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሻላታል።

ሳራሴንያ፦ የቆመው ቱቦ

የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተክል ነው። እንደ ጥሩምባ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፎቶ ላይ ከሁሉም ያምራል፣ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኔ ግን ለድሬ ሳሎን አልመክረውም። ምክንያቴን ልዘርዝር።

ሆዳም ነው። በማንጎ ወቅት ቀፊራ ገበያ አካባቢ ያለውን ዝንብ አስቡት። አንዱ ቱቦ ሙሉ ዝንብ ያጭቅና ታችኛው እየላመ ላይኛው እየተጨመረ ይቆያል። ቱቦውን በጣታችሁ ጫን ብትሉት ጭቅ ጭቅ ይላል። ጎኑ ላይ ቡናማ ጠባሳ ካያችሁ ከውስጥ እየበሰበሰ ነው። ሽታው የተረሳ የዓሣ ቆሻሻ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መላው ቀላል ነው፤ ቱቦው ሲሶ ያህል ሲሞላ አፉን በጥጥ ትወትፉታላችሁ። ተክሉ የበላው ይበቃዋል።

ከዚያ አበባው አለ። ፍላቫ የሚባለው ቢጫው ዝርያ አበባው የድመት ሽንት ይሸታል። ማጋነን አይደለም፣ በዚሁ የታወቀ ነው። ነጫጭ አናት ያለው ሊውኮፊላ ግን በተቃራኒው ደስ የሚል ጣፋጭ ጠረን አለው። ስለዚህ "ሳራሴንያ" ብቻ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ፑርፑሪያ የሚባለው አጭሩ ደግሞ ክዳኑ ገልጦ ስለሚቆም የዝናብ ውሃ ይጠራቀምበታል። መፍጨቱንም በአብዛኛው የሚሠሩለት ውሃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በጠባብ ቦታ የኩሬ ጠረን አለው። ክፍት ውሃ መሆኑንም ከትንኙ ጋር አስቡት።

ሌላው እንቅልፉ ነው። በዓመት ሦስት አራት ወር ብርድ ይፈልጋል። ድሬ ይህን አትሰጠውም። መጀመሪያው ዓመት ያማረ ተክል እየቆየ ይከሳል። ሐረር ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ይረዳዋል፣ ግን ሙሉ አይደለም። ሥሩን በእርጥብ ሞስ ጠቅልሎ ፍሪጅ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ከቲማቲሙ ጎን። የቤቱ እናት ከፈቀዱ።

ሴፋሎተስና ሄሊያምፎራ

ሴፋሎተስ ከምዕራብ አውስትራሊያ ነው። ገንቦው የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም፣ አብዛኛው የሚበላው ጉንዳን ነው። አፍንጫችሁን ብታስጠጉ እንኳ ምንም የለም። ግን ውድ ነው፣ ያድጋል ሲሉት አያድግም፣ ሙቀት ሲበዛበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል። ሄሊያምፎራ የቬኔዝዌላ ደጋ ተራሮች ተክል ነው፤ እዚህ ኤሲ ካልተገዛለት ተዉት።

ገንቦ የሌላቸው አማራጮች

ነፍሳት የሚበላ ተክል ከሆነ የሚፈለገው፣ ገንቦ የግድ ካልሆነ፣ ሽታን ጨርሶ የሚያስረሱ ሁለት አሉ። ድሮሴራ ካፔንሲስ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ቅጠሉ ላይ ጤዛ የሚመስል ሙጫ አለ፣ ትንንሽ ዝንብ እዚያው ይጣበቃል። የሚበሉት ጥቃቅን ስለሆኑ ደርቀው ይቀራሉ እንጂ አይሸቱም። ራሱን በራሱ ያራባል፣ ዘሩም የትየለሌ ነው፤ አንድ ሰው ካለው ሰፈሩ ሁሉ ያገኛል። ሰሐን ይወዳል፣ የትንኙን ነገር አትርሱ። የሜክሲኮው ፒንጉዊኩላ ደግሞ ወፍራም ቅባታም ቅጠል አለው። በኖራና በጂፕሰም ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ ዘመዶች ስላሉት ውሃችንን ከሌሎቹ ሻል አድርጎ ይችላል። ሐረር መስኮት ላይ የሚያምር ነገር ነው።

አፉን የሚገጥመውን ቬነስ ፍላይትራፕ ሁሉም ያውቀዋል። እሱም እንደ ሳራሴንያ የክረምት እንቅልፍ ይፈልጋል። ከአፉ የሚተልቅ ነገር ከሰጣችሁት አፉ ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ሽታው ግን ትንሽ ነው።

| ተክል | የምግብ ሽታ | የአበባ ሽታ | ሰሐን | ድሬ | ሐረር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኔፔንቴስ ቬንትራታ | ካልጠገበች የለም | ቀላል ሻጋታ | አያስፈልግም | ጥሩ፣ ጥላ በረንዳ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ሳራሴንያ ፍላቫ | ከባድ | የድመት ሽንት | ያስፈልጋል | አይሆንም | ግቢ ውስጥ ብቻ | መካከለኛ |
| ሳራሴንያ ሊውኮፊላ | ከባድ | ጣፋጭ | ያስፈልጋል | አይሆንም | ግቢ ውስጥ | መካከለኛ |
| ሳራሴንያ ፑርፑሪያ | የኩሬ | ትንሽ | ያስፈልጋል | አይሆንም | ይሞከራል | መካከለኛ |
| ሴፋሎተስ | የለም | የለም ይባላል | ጥቂት | ያሰጋል | ይሞከራል | ውድ |
| ድሮሴራ ካፔንሲስ | የለም | የለም | ያስፈልጋል | በጥላ | በጣም ጥሩ | ርካሽ |
| ፒንጉዊኩላ | የለም | የለም | ጥቂት | በቀዝቃዛ ክፍል | በጣም ጥሩ | ርካሽ እስከ መካከለኛ |

ለማን የቱ?

ድሬ ውስጥ ከዚራም ሳቢያንም ሳሎን ያለው፣ ገንቦ ማየት የሚፈልግ ሰው ቬንትራታን ይግዛ። በረንዳ ላይ ይስቀላት፣ እንግዳ ሲመጣ ያስገባት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ከእጃቸው ከፍ ይበል። ልጅ ሲባል ገንቦው ውስጥ ማስቲካ ይከታል።

ጀጎል ውስጥ ክፍት ግቢ ያለው የሐረር ሰው ሊውኮፊላን ቢሞክር አልቃወምም። ግቢ ውስጥ ሽታው ነፋስ ይወስደዋል፣ ፀሐይም ሙሉ ያገኛል። ግን ሰሐኑን የሚደፋ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር።

ኪስ የማይፈቅድለት፣ ወይም ተማሪ፣ ወይም ተክሉን መኝታ ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ድሮሴራ ይበቃዋል። ከዘር ጀምሩት፣ ቢሞትም አያስቆጭም። ያለውን ገንዘብ ለቲዲኤስ ሜትርና ለባትሪ ውሃ ያውጣው።

ጁስ ቤት ያላችሁና "ዝንቡን ትጨርስልኛለች" ብላችሁ የምታስቡ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እነዚህ ተክሎች ዝንብ የሚይዙት በጣፋጭ ጠረን ጠርተው ነው። ከሚይዙት የሚጠሩት ቢበዛ አይገርመኝም። ወንፊት መጋረጃና ቬንትሌተር ይበልጣል።

ከውጭ አገር በሻንጣ ለማስመጣት ያሰባችሁ ደግሞ የተክል ጤና ማረጋገጫ ወረቀት እንደሚጠየቅ እወቁ። ኔፔንቴስም ሳራሴንያም በሳይተስ ስምምነት ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፣ ከጫካ የተነቀለ አትግዙ።

ከሸተተ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ለዩ። አፍንጫችሁን ገንቦው አፍ ላይ፣ ቀጥሎ አበባው ላይ፣ ቀጥሎ ሰሐኑ ላይ። ከሰሐኑ ከሆነ ውሃውን ድፉ፣ አፈሩም እንቁላል ከሸተተ ቀይሩት። ከአበባው ከሆነ መቀስ። ከገንቦው ከሆነና ገንቦው አሁንም አረንጓዴ ከሆነ ውስጡን ሽንት ቤት ድፉት፣ በተጣራ ውሃ ሁለቴ አለቅልቁት፣ ሲሶ ውሃ ጨምሩበት። ሳራሴንያን ግን መገልበጥ አይቻልም፣ ቱቦውን ከሥሩ ቁረጡትና ጣሉት። ቡናማ የሆነ ገንቦ ሥራውን ጨርሷል፤ አትዘኑለት። ዲቶል፣ በረኪና፣ የቤት ሽቶ እንዳትረጩ። እኔ የመጀመሪያው ቀን ረጭቻለሁ። ሥጋና ላቬንደር አብረው ምን እንደሚሸቱ አሁን አውቃለሁ።

የእኛዋ ያቺን ገንቦ አጥታ ሌላ አራት አወጣች። ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ባለቤቴ ወረቀት ላይ "ሥጋ አትስጡኝ" ብላ ጽፋ መትከያው ላይ ለጠፈችበት። ወንድሟ መጣ፣ ቆሞ አነበበው፣ ትንሽ አሰበና "ዓሣስ?" አለ።